ገመዱ ሳይገባ አፈር አይመለስም

ልብስ ሰፊዋን የሰፈሩ ሰው «መርፌ» ይላታል። ቀጭን ስለሆነች ብቻ አይደለም፤ ስትናገር ትወጋለች። በዚያ ዓመት ዋናው ጠላቷ በሱቋ ደጃፍ የሚያልፈው ቦይ ነበር። መንግሥት «ፈጣን ኢንተርኔት ለእያንዳንዱ ቤት» ብሎ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ካስቆፈረ ስምንት ወር ሆኖታል። ቆፋሪዎቹ በሦስት ቀን ጨርሰው፣ ቢጫ ሪባን ወጥረው፣ በዚያው ውሃ በላቸው። ሪባኑን ንፋስ ወሰደው፤ ቦዩ ቀረ። ልብስ ሊለኩ የሚመጡ ደንበኞች ቀሚሳቸውን ሰብስበው ይዘሉታል። ጡረታ የወጣው ባሏ ሁለቴ ገብቶበታል፤ በሁለተኛው ጊዜማ «ከገባሁ አይቀር ትንሽ ልረፍ» ብሎ ተቀምጦ ነው የወጣው።

ሥራውን የያዘውን መሥሪያ ቤት ቢሮ ደጅ ጠናች። በመጨረሻ ጸሐፊዋ ኮምፒዩተሯን አየት አድርጋ፣ «የእርስዎ ቤት እኮ ተገናኝቷል» አለቻት።

«ከምን ጋር?»

«ከኢንተርኔት ጋር ነዋ። ይኸው አረንጓዴ ሆኗል።»

«የኔ እህት፣ እኔ ደጅ አረንጓዴ ነገር ቢኖር ቦዩ ውስጥ የበቀለው ሣር ነው።»

ቅሬታ ካላት በኢንተርኔት እንድትሞላ ተነግሯት ወጣች።

እንዲህ የሚያንገበግባት ያለ ነገር አይደለም። ታላቅ እህቷ ሩቅ ከተማ አልጋ ላይ የዋሉ አማቷን ታስታምማለች። ከተያዩ ሦስት ዓመት አለፈ። በስልክ ሊተያዩ ሲሞክሩ፣ ምስሉ ገና ግንባር ላይ ሲደርስ ቀጥ ይላል። መርፌ በሦስት ዓመት ውስጥ ያየችው የእህቷን ግንባር ብቻ ነው።

አንድ ሰኞ ከረባት ያሰሩ ሦስት ሰዎች ቦዩን እየዘለሉ መጡ። «እንኳን ደስ አለዎት! አንድ ሚሊዮንኛው የተገናኘ ቤት የእርስዎ ሆኗል። ዋና ኃላፊው ራሳቸው ያስመርቁታል፤ በቴሌቪዥን በቀጥታ ይተላለፋል። ከሚወዱት ሰው ጋር በምስል ይነጋገራሉ።»

ልታባርራቸው አፏን ከፍታ ነበር። የመጨረሻዋን ቃል ስትሰማ ዘጋችው።

ረቡዕ ጠዋት መንገዱ ጥግ ላይ የስልክ ኔትወርክ አንቴና የተሸከመ መኪና ቆመ። ቦዩ ላይ ጣውላ፣ ጣውላው ላይ ቀይ ምንጣፍ ተነጠፈ። ላብ ያጠመቀው አንድ ቴክኒሻን የትም ያልተሰካ ገመድ ከላፕቶፑ ጋር አገናኘና የራሱን ስልክ ኢንተርኔቱን ከፍቶ ከጠረጴዛው ሥር ደበቀ።

«እትዬ፣ እባክዎ የጠረጴዛውን ልብስ እንዳይነኩት።»

«ምነው፣ እንቁላል ታቅፏል?»

ካሜራው በራ፣ ኃላፊው ተናገሩ፣ ተጨበጨበ። ከዚያ የእህቷ ፊት በላፕቶፑ ላይ ብቅ አለ፤ ሙሉ ፊት፣ እስከ አገጯ። ፀጉሯ ሸብቷል። መርፌ ያዘጋጀችውን ወሬ ሁሉ ረሳችው።

«እታለም!» ብቻ አለች።

«የኔ ቀጭን! ምነው ከሳሽ?» አለች እህቷ፣ ነጠላዋን ንፋስ እየገፈፈው።

ኃላፊው ወደ ላፕቶፑ አንገታቸውን አሰገጉ። «እናታችን፣ እርስዎም ጋ ፈጣን ኢንተርኔት ገብቷል አይደል?»

«ገብቷል ጌታዬ፣ ምን ይወጣለታል! ታንከሩ ላይ ስወጣ ቁልጭ ይላል።»

«የምን ታንከር?»

«የውሃ ታንከር ነዋ። ቤት ውስጥማ ላም አለኝ በሰማይ ነው።» ስልኳን ዘቅዘቅ አድርጋ መሰላሉን አሳየች። ከበር የተኮለኮለው ጎረቤት ሳቁን አፈነ።

በዚህ መሃል ከጠረጴዛው ሥር ስልክ ጮኸ። እህቷ አፏን እንደከፈተች ደርቃ ቀረች። መርፌ ሳታስበው ልብሱን ገለጠችና ስልኩን አነሳች።

«ሃሎ?» ካለች በኋላ ወደ ቴክኒሻኑ ዞረች። «ሚስትህ ናት። በቴሌቪዥን እያየችህ ነው፤ ‹ከረባቱ ጠሟል› ትላለች።»

ጎረቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ካሜራው ጠፋ። ኃላፊው ምንጣፉን በሁለት እርምጃ ተሻግረው ሄዱ።

በማግስቱ አፈር የጫኑ መኪኖች መጡ። ፎርማኑ ቦዩ እንዲደፈን መታዘዙን ነገራት።

«ገመዱስ?»

«ስለ ገመድ የነገረኝ የለም።»

መርፌ ቆሽቷ አረረ። በርጩማዋንና ልትቀመቅመው የጀመረችውን ሱሪ ይዛ ቦዩ ውስጥ ወረደች። «ገመዱ ሳይገባ አፈር አይመለስም!»

«እትዬ፣ የበላይ ትእዛዝ ነው።»

«እንግዲያው ከነነፍሴ ድፈኑኝ!»

ባሏ ወንበር ተሸክሞ ተከተላት። «ፈቀቅ በይ፣ ቦታውን ከኔ በላይ የሚያውቀው የለም» አላት። እስከ ቀትር ድረስ ግማሽ ሰፈር ገባ። ፀጉር አስተካካዩ መስታወቱን ግድግዳው ላይ ደግፎ ደንበኞቹን እዚያው ይላጭ ጀመር። ፎርማኑ ለአለቆቹ ሲደውል ዋለ፤ ሰልችቶት በሁለተኛው ቀን እሱም ተላጨ።

በአራተኛው ቀን ገመዱ በትልቅ ጥቅል መጣ፤ ከነቴክኒሻኑ።

«አላባረሩህም?» አለችው መርፌ።

«ከቢሮ አውርደው መስክ ላይ ጣሉኝ።»

«ተመስገን በል፤ አሁን ሥራ ያዝክ።»

ለሳምንቱ ሐሙስ ኢንተርኔቱ እውነትም ገባ። እህትማማቾቹ መጀመሪያ አለቀሱ፤ ቀጥሎ ማን ይበልጥ እንዳረጀ ተጨቃጨቁ።

ከወር በኋላ መርፌ የመሥሪያ ቤቱን ሪፖርት በኢንተርኔት አገኘች። የሰፈራቸው ሥራ «በኅብረተሰቡ የነቃ ተሳትፎ» ከዕቅዱ ቀድሞ መጠናቀቁን ይተርካል። ለባሏ ጮክ ብላ አነበበችለት።

«ተሳትፎውስ አልዋሹም» አለ ባሏ። «ወገቤ እስካሁን ይመሰክራል።»

መርፌ የምትራገመውን ተራገመች። ገጹ ግን በአንድ ጊዜ ነው የተከፈተላት፤ እሱን አልካደችም።