ዜሮ የተባለው ጉልበት

የሆስፒታሉ ዳይሬክተር ዶክተር በዛብህ ባሕር ዳር ወደሚካሄደው ጉባኤ የሚሄደው አንድ ጥናት ብቻ መሆኑን ከተናገሩ ወዲህ፣ ዶክተር ሽመክትን የባልደረባው የዶክተር ዮዲት ሳቅ እንኳ ያስጠላው ጀመር። ቤልጂየም ድረስ ሄዶ የተማረው እሱ፤ የእንጅባራን ሕሙማን መረጃ ከካርድ ወደ ኮምፒውተር ያሻገረው እሱ። ዮዲት ከዳንግላ ጎንደር፣ ከጎንደር እዚሁ፤ ሌላ አገር አታውቅም። በሽተኛው ግን የሚሰለፈው እሷ በር ላይ ነው።

የሁለቱም ጥናት ስለ ሕመም ነበር፤ የተቀዳውም ከዚያው ኮምፒውተር ነው። ሽመክት የሕመሙ መጠን ከዜሮ እስከ አስር የሚሞላበት ቦታ አበጅቷል፤ ቁጥር ካልገባበት ኮምፒውተሩ ወደሚቀጥለው ገጽ አያሳልፍም። ያገኘው ውጤት እሱንም አስደንቆታል፦ በዕድሜ የገፉ ገበሬዎች ጉልበታቸው አብጦ እንኳ አያማቸውም። ዮዲት ግን ቁጥሩን ትታ፣ ሐኪሞች በማስታወሻ የጻፉትን የበሽተኛውን ቃል ነበር የምትለቅመው።

«ይኼ ጥናት ነው ወይስ ወሬ?» አላት አንድ ቀን ሻይ ቤት።

«ወሬ ነው። አንተ ጋ ማን ያወራል?» ብላ ሳቀችበት።

ሐሙስ ከሰዓት እናቱ ወይዘሮ ማናየሽ ከባጃጅ ስትወርድ በመስኮት አያት። እሱን ብላ የመጣች መስሎት ወንበር አዘጋጀ። በሩን አልፋ ሄደች። ተከትሏት ቢወጣ የዮዲት ክፍል በር ገርበብ ብሏል፤ ከውጭ ሆኖ አዳመጠ።

ዮዲት አልቸኮለችም። ስለ ላሚቱ፣ ስለ ድንቹ፣ ስለ ጎረቤት ለቅሶ ጠየቀች። «እግዚአብሔር ይመስገን» ተብሎ ተብሎ ሲያልቅ፣ እጇን የማናየሽ ጉልበት ላይ ጣል አድርጋ፣

«እማማ፣ ይኼስ ምን ይላል?» አለቻት።

«እሱማ እንደ ምስጥ ሲቦረቡረኝ ያድራል። ቤተ ክርስቲያን ከቀረሁ ሰነበትኩ። ለልጄ እንዳትነግሪ።»

የሽመክት ጆሮ ጋለ። ኮምፒውተሩ ሥራ የጀመረ ሰሞን መጀመሪያ የመዘገባት እሷን ነበር። «እንዴት ነሽ፣ ሕመም አለሽ?» አላት በአንድ ትንፋሽ፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» አለችው፤ ዜሮ ሞላ። ሐኪሞቹንም እንዲያ አድርጎ ነው ያሠለጠናቸው። ያ ሁሉ ሕመም የለሽ ገበሬ ለካ ሰላምታ መላሽ ኖሯል። ያንገበገበው ግን የጥናቱ መፍረስ አልነበረም። ዮዲት እናቱን ከነጉልበቷ የወሰደችበት መሰለው።

በሩን ገፋ። «እማዬ፣ ለእኔ ለምን አልነገርሽኝም?»

«መቼ ጠየቅኸኝ?»

«ጠየቅሁሽ እንጂ።»

«ሰላም አልኸኝ። እንዴት ነሽ ላለኝ ሁሉ ጉልበቴን ልዘርግፍለት?»

ዮዲት አቀረቀረች፤ ሳቋን እንደያዘች ግን ያስታውቃል። ያ ባሰበት።

ዶክተር በዛብህ የሽመክትን ሠንጠረዥ ወደውታል፤ ዝም ካለ የሚሄደው የእሱ ጥናት ነው። ቢሮአቸው ገባ።

«የእሷ ይሂድ» አለ፤ ስሟን መጥራት አቃተው። «የእኔ ዜሮዎች ሐሰት ናቸው።»

ማምሻውን እናቱን ሲሸኛት ባጃጇ ኮብልስቶኑ ላይ ታንገጫግጫቸዋለች። ስለ ላሚቱ ጠየቃት። ስለ ድንቹም ጠየቃት። ከዚያ እጁን ጉልበቷ ላይ ጣል አድርጎ፣

«ይኼስ ምን ይላል?» አላት።

ዘወር ብላ አየችው። «ዮዲት ናት ያስተማረችህ?»

«አይ» አለ ቶሎ ብሎ፤ «ቤልጂየም ነው የተማርኩት።»

«ይሁን» አለችና ከግራ ጉልበቷ ጀመረችለት።