ከባጫ ሱቅ ፊት

"ከዚያ አልፈህ ቀባ" አለች ሌሊሴ።

ቀዳማዊ የቀለሙን ጣሳ እንደያዘ ቀና ብሎ አያት። ሁለቱ ከአየር ጤና ተነስተው ወደ ቤቴል አቅጣጫ እየወጡ፣ አዲሱ የእግረኛ መንገድ የሚያርፍበትን ወሰን በቀይ ቀለም ሲያሰምሩ አርፍደዋል። እስካሁን መስመሩ ከየሱቁ ደረጃ ግርጌ እየቆመ ነው የመጣው።

"ኢንጂነር፣ ፕላኑ ላይ እኮ ከደረጃው በፊት ነው የሚያበቃው።"

"አውቃለሁ። ፕላኑን የሠራሁት እኔ ነኝ። ለጎርፍ መውረጃው ቦታ እፈልጋለሁ።"

የጎርፍ መውረጃው በማዶ በኩል እንደሚያልፍ ቀዳማዊም ያውቃል። ይሁን እንጂ መሬት ላይ የሚደረገውን ማስተካከያ የምትወስነው እሷ ስለሆነች ጎንበስ ብሎ ቀባ። ቀዩ መስመር የባጫን የእብነበረድ ደረጃ ሽቅብ ወጥቶ ከመስታወት በሩ ሥር ሲደርስ፣ ሌሊሴ እጆቿን ኪሷ ውስጥ ከተተች። በመስመሩ መሠረት ደረጃው ከፈረሰ በሩ አየር ላይ ይቀራል። ባኞና ሴራሚክ ሊገዛ የመጣ ሰው ደግሞ እየዘለለ አይገባም።

ባጫ ሸሚዙን ወደ ሱሪው እየከተተ ወጣ።

"ሌሊሴ! ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?"

"የእግረኛ መንገድ ነው፣ ጋሽ ባጫ።"

"የጎረቤቶቼን ሳይነካ እኔ ጋ ሲደርስ ዳገት ይወጣል?" ከየሱቃቸው ብቅ ብቅ ወዳሉት ነጋዴዎች ዞረ። "እግረኛው ገብቶ ሻወር ይውሰድ ብላችሁ ነው?"

ነጋዴዎቹ ሳቁ።

"ቅሬታ ካለዎት ቢሮ መጥተው ያመልክቱ።"

"አንቺ አይደለሽ እንዴ ቢሮው!" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "የማይገባኝ እንዳይመስልሽ። ይሄ የያደሳ ነገር ነው። ፈጣሪ የወሰደውን ሰው ደረጃዬን አፍርሰሽ አታመጪውም።"

የባሏን ስም ከእሱ አፍ ስትሰማ ፊቷ ላይ የታየ ነገር አልነበረም። ፊቷን እንደዚያ ማድረግ ከለመደች ሁለት ክረምት አልፏል።

ያደሳ የሞተው እዚሁ ደረጃ ፊት ነው። ያኔ ባጫ የደንበኞቹ መኪና እንዲቆምበት ብሎ እግረኛ የሚሄድበትን ቦታ ከዳር እስከ ዳር በሰንሰለት ያጥር ነበር። ያደሳ ከሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ሲመለስ፣ እንደማንኛውም መንገደኛ ሰንሰለቱን ለመዞር አስፋልት ላይ ወረደ። ከኋላው የመጣ ኢሱዙ ገጨው። የትራፊክ ፖሊስ ሲደርስ ግን ሰንሰለት የሚባል ነገር አልነበረም። ባጫም "ምን ሰንሰለት አለኝ? ሰውየው ስልክ እያወራ ነው ዘው ያለው" ብሎ ቃሉን ሰጠ። ባለሱቆቹ ሁሉ አላየንም አሉ። ጥፋቱ የሟቹ ነው ተባለና ነገሩ በዚያው ተዘጋ። ከዚያ ባጫ ለቅሶ መጣ። ድንኳኑ ውስጥ ከፊት ተቀምጦ "እግዜር ያጽናሽ" አላት። እሷም አመስግናው ነበር። ዛሬም ድረስ የሚያንገበግባት ማመስገኗ ነው።

ባጫ በሩን በኃይል ዘግቶ ሲገባ ራህማ ከደረጃው ሥር ወጣች። እዚያች ጠባብ ቦታ ላይ በስፌት መኪናዋ ልብስ ታሳጥራለች፣ ዚፕ ትቀይራለች። ያደሳ የወደቀ ዕለት ሮጣ ደርሳ ጭንቅላቱን ጭኗ ላይ ያሳረፈችው፣ የራሷን ሻርፕ ያለበሰችው እሷ ነበረች።

"እሰይ! አንጀቴ ራሰ" አለች የሌሊሴን ክንድ ይዛ። "ይቅመሳት! ፊቱን አየሽው? ሎሚ የመጠጠ መሰለ እኮ።"

ሌሊሴ ፈገግ አለች።

"እኔ ምልሽ ግን..." ራህማ ወደ ደረጃው ዞር ብላ አየች። "ሲያፈርሱት ቀድመሽ ትነግሪኛለሽ አይደል? የስፌት መኪናዬን የማስጠጋበት ቦታ እንድፈልግ ነው። አታስቢ፣ አንድ ቦታ አይጠፋም።"

ሌሊሴ ወደ ቀዩ መስመር ዞረች። ይህን መስመር ያሰመረችው ዛሬ አይደለም፤ ለወራት በሐሳቧ ስታሰምረው ነበር። በዚያ ሁሉ ጊዜ ከደረጃው ሥር ሰው መኖሩ አንድም ቀን ትዝ አላላትም።

ማታ ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ የግቢው በር ተንኳኳ። የእድሩ ሰብሳቢ ሐጂ ረሻድና ጎረቤቷ ጋሽ ኪዳን ነበሩ። ከኋላቸው ባጫ አንገቱን ደፍቶ፣ በጫንቃው ድንጋይ ተሸክሞ ቆሟል። የእነሱ ሰፈር ሰው እንዲህ አድርጎ ይቅርታ መጠየቅ ከተወ ቆይቷል።

"ግቡ፣ ተቀመጡ" አለች።

"ካልሰማሽን አንቀመጥም፣ ልጄ" አሉ ሐጂ ረሻድ ገብተው እንደቆሙ። "ሰውየው አስቀይሜሻለሁ ብሎ እግርሽ ላይ ሊወድቅ መጥቷል። በእኛ ይሁንብሽ፣ እንጀራውን አትዝጊበት።"

ሌሊሴ ድንጋዩን አየችው። በመብራቱ ስር ሲታይ ድንጋይ አልነበረም። በቆርቆሮ ባልዲ ውስጥ ፈስሶ የደረቀ ድፍን ሲሚንቶ ነው። አናቱ ላይ የዛገ የብረት ቀለበት ተተክሎበታል፤ በቀለበቱ የተቆረጠ የሰንሰለት ቁራጭ ተንጠልጥሏል።

"ጋሽ ባጫ፣ ይህን ከየት አመጡት?"

"ከጓሮ ነው። ሐጂ ድንጋይ ያዝ ሲሉኝ እጄ ያገኘውን አንስቼ..."

"ቀለበቱ ለምንድን ነው?"

ሐጂ ረሻድ ተጠግተው በጣታቸው ቀለበቱን ነኩት፤ ቁራጯ ሰንሰለት ተንቀጫቀጨች።

"ያ ረቢ!" አሉ። "አንተ ሰውዬ፣ እኔ ፊት ምለህ አልነበር? ሰንሰለት ኖሮኝ አያውቅም ብለህ!"

"ነበረ" አለ ባጫ። ከሸክሙ የተነሳ ድምፁ ታፍኖ ነበር የሚወጣው። "ፖሊስ ሳይመጣ አነሳሁት። ደነገጥኩ። ያደሳ ገና... ገና ነፍሱ አልወጣችም ነበር፣ ሳነሳው።"

ጋሽ ኪዳን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሌሊሴ ይህን ቃል የምትሰማበትን ቀን ስታስብ፣ ልቤ ያርፋል ትል ነበር። አላረፈም። እንዲያውም ንዴቷ እንደ ረሃብ ባሰባት።

"ልጄ" አሉ ሐጂ ረሻድ ቀስ ብለው፣ "ይኸው እውነቱ ወጣ። አሁን ይቅር በይው።"

"ደረጃው አይፈርስም። ከሥሩ ራህማ አለች፤ ለእሷ ስል ነው። ይቅርታው ሌላ ነው፣ ሐጂ። ጋሽ ባጫ ውሸቱን የተናገሩት ለፖሊስ ነው። ሄደው ቃላቸውን ያርሙ።"

"ነገውኑ ትሄዳለህ?" አሉት ሐጂ።

"እስኪ..." አለ ባጫ። "እስኪ ጠበቃዬን ላማክር።"

ሐጂ ረሻድ በረጅሙ ተነፈሱና ወንበር ስበው ተቀመጡ። ጋሽ ኪዳንም ተቀመጡ። ባጫ ሸክሙን ሊያወርድ ጎንበስ ሲል ሌሊሴ በሩን ከፈተችለት።

"እዚህ አይተዉት። ያመጡትን ይዘው ይሂዱ።"

በማግስቱ ጠዋት ቀዳማዊ ቀዩን ቀለም ከእብነበረዱ ላይ በነጭ ጋዝ ሲፍቅ፣ ባጫ ከውስጥ አይቶ ሳቅ እያለ ወጣ።

"ተባረኪ! እግዜር ይስጥሽ!"

"ጠበቃዎ ምን አለ?"

ሳቁ ረገብ አለ። "እሱማ... ተዘግቶ የቆየ ነገር ባይነካካ ይሻላል ነው የሚለው። ያለፈው አለፈ አይደል? እኛ ታርቀናል።"

"እሺ" አለች ሌሊሴ።

ባጫ ገብቶ ከመስታወቱ ኋላ ካለው ጠረጴዛው ተቀመጠ። ቀኑን ሙሉ መንገዱን እያየ የሚውለው እዚያ ነው። ረፋዱ ላይ በአዲሱ የእግረኛ መንገድ ዳር የሚተከሉትን አግዳሚ ወንበሮች የጫነ መኪና መጣ። ሠራተኞቹ አንዱን ተጋግዘው አውርደው፣ መደገፊያውን ወደ ሱቆቹ፣ ፊቱን ወደ አስፋልቱ አድርገው ለመትከል ሲሚንቶ ማቡካት ጀመሩ።

"ቆይ" አለች ሌሊሴ። "ይሄኛው ፊቱ ወደ ሱቁ ይሁን። ከመስታወቱ ትይዩ።"

ቀዳማዊ መፋቂያውን እንደያዘ ሳቀ። "ኢንጂነር፣ ሰው እኮ መንገድ እያየ ነው የሚቀመጠው። የባጫን ፊት እያየ ማን ይቀመጣል?"

"እኔ እቀመጣለሁ" አለች። "በየቀኑ፣ ከሥራ ስወጣ።"