«ይመስገን» ስንት ነጥብ ነው?

ሲስተር ዘርፉ በሰው ፊት አልቅሳ አታውቅም። አዳማ በሚገኘው ጤና ጣቢያ የአእምሮ ሕክምና ክፍሉን ይዛ ስድስት ዓመት ስትሠራ፣ እየጮኸ የሚገባውንም ዝም ብሎ ግድግዳ የሚያየውንም በአንድ ፊት ነው የተቀበለችው። ያን ሰኞ ግን ኃላፊዋ ሰብለወንጌል በክፍሉ የሕመም መጠይቅ ቅጾች ላይ የተሠራውን ጥናት ውጤት ስታሳያት ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ዘርፍዬ፣ እኔ አይደለሁም ያልኩት፤ ቁጥሩ ነው» አለች ሰብለወንጌል። «ነጥቡ ከፍ ካለ ሕመሙ ባሰ ማለት ነው አይደል? ሕመምተኞችሽ የመጀመሪያ ቀን አማካይ ነጥባቸው ሦስት፤ በሦስተኛው ወር ዘጠኝ! ጤነኛ ገብቶ ታሞ የሚወጣበት ክፍል አለን ብዬ ለበላይ ልጻፍ?»

ክፍሉ ይዘጋ አይዘጋ የሚለው ውሳኔ የሚሰጠው ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ ነበር። ክፍሉ ከተዘጋ ሕመምተኞቹ ሪፈር ተጽፎላቸው ሌላ ቦታ ወረፋ ሊጠብቁ ነው። ከሁሩታ፣ ከአዳሚ ቱሉ ስንት ተለምኖ የመጣ ሰው ደግሞ አንዴ «ሌላ ቀን ተመለስ» ከተባለ ሁለተኛ ዓይኑም አይታይም። ዘርፉን ያንገበገባት ይሄ ነው። ከዚህ የባሰውን ግን ለማንም አልተነፈሰችም፦ እውነት እየጎዳኋቸው ቢሆንስ?

ጥናቱን የሠራው ንዋይ የሚባል የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ነው፤ ላፕቶፑን እንደ አራስ ልጅ አቅፎ የሚዞር። ዘርፉ ልትጠላው አስባ ነበር፤ ሰውዬው አልመች አላት እንጂ። ሐሙስ በጠዋት መጥቶ፣ «ሲስተር፣ ቁጥሩ ለእኔም አልተዋጠልኝም። ሕመምተኞቹ ከፈቀዱ ጥግ ይዤ ልቀመጥ?» አላት።

የመጀመሪያው ባለተራ ኦቦ ጀቤሳ ነበሩ፤ ወደ ክፍሉ ሲመጡ ገና የመጀመሪያ ቀናቸው የሆነ የሁሩታ ገበሬ። ልጃቸው ሌንሳ ክንዳቸውን ይዛ አስገባቻቸው። ኮታቸው ሰፍቷቸዋል። ሲቀመጡ ንዋይ ጥግ እንዲይዝ ራሳቸውን ነቅንቀው ፈቀዱለት፤ ዘርፉም ቅጹን ዘርግታ እንደ ወትሮዋ በፈገግታ ጀመረች።

«አካም ጅርቱ ኦቦ ጀቤሳ? ሰሞኑን እንዴት ነዎት?»

«ፈያ፣ ደህና ነኝ። ዋቃ ይመስገን» አሉ መሬት መሬቱን እያዩ።

«እንቅልፍስ ደህና?»

«ደህና።»

«ምግብስ?»

«ደህና፣ ይመስገን። አንቺስ ልጄ፣ ደህና ነሽ? ቤተሰብ ደህና?»

ዘርፉ ሦስት ዜሮ ጻፈች። ይሄኔ ሌንሳ ፈነዳች።

«የምን ደህና! አባቴ እኮ ሁለት ወር ሙሉ ከአልጋ አልወረደም! ስንዴው ሲታጨድ እንኳ ወጥቶ አላየም። በየት በኩል ነው ደህና ነኝ የሚልዎት፣ ሲስተር?»

ሽማግሌው ቀና ብለው ልጃቸውን ገሠጿት። «ሰው ሰላም ሲልሽ በሽታሽን ትዘረግፊበታለሽ? ነውር አይደለም?»

ዘርፉ የጻፈቻቸውን ሦስት ዜሮዎች መልሳ አየች። ቅጹ መጀመሪያ ሲመጣ «ባለፉት ሁለት ሳምንታት ለምን ያህል ቀናት» እያለ በደረቅ አማርኛ ነበር የሚጠይቀው። ሰው ያስበረግጋል ብላ ያለሰለሰችው እሷ ናት። አለስልሳ አለስልሳ ጥያቄውን ሰላምታ አድርጋው ኖሯል! ለሰላምታ ደግሞ መልሱ አንድ ነው፤ ታሞም፣ ተርቦም፣ ልጅ ቀብሮም ቢሆን ይመስገን ነው። ሰው ሆዱን የሚከፍትላት ከሁለትና ሦስት ወር በኋላ፣ ሲለምዳት ነው። ነጥቡ የሚንረውም ያኔ ነው።

«ንዋይ፣ እየጠየቅኳቸው አልነበረም እኮ» አለች። «ሰላም ስላቸው ነው የኖርኩት።»

ንዋይ ብድግ አለ። «በመጀመሪያው ቀን ካርዳቸው ላይ በእጅዎ የሚጽፉት ነገር የለም?»

ነበረ እንጂ! ቤተሰብ የተናገረው፣ እሷ ያየችው፣ ሁሉም በየቀጠሮው ተጽፏል። ንዋይ በጥናቱ የገቡትን የስልሳ አንዱንም ሰው ካርድ፣ የመጀመሪያውን ቀንም የሦስተኛውን ወርም ጽሑፍ፣ ስምና ቀን ሸፍኖ፣ ዘርፉ ለራሷ እንዳታዳላ፣ ክፍሉን ለማታውቅ ነርስ ሰጠና አዲስ ነጥብ አሰጣት።

ውጤቱ ሲመጣ አርባ አንዱ ተሽሏቸዋል፤ አሥራ ስምንቱ ባሉበት ናቸው፤ ሁለቱ ብሶባቸዋል። ከሩቅ የሚመጡት ቶሎ እንደሚያቋርጡም ታየ፤ ለእነሱ በየሳምንቱ ስልክ እንዲደወል ተወሰነ። ሰብለወንጌል ወረቀቱን ሁለቴ አነበበችና፣ «በይ ሂጂ፣ ክፍልሽን ማንም አይነካውም» አለቻት። ዘርፉ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ቁጭ ብላ እፎይ አለች። አለቀሰች፤ በሰው ፊት፣ ምን ታደርጉኛላችሁ ብላ። እየጎዳቻቸው አልነበረም።

ቅጹም ተለወጠ። አሁን ሰላምታው ለብቻው ይሰጣል፣ እስኪያልቅ ይጠበቃል፤ እስክሪብቶ የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው።

ኦቦ ጀቤሳ በሦስተኛው ወር ብቻቸውን መጡ። ሰላምታው አለቀ።

«በዚህ ሳምንት ስንት ቀን ከቤት ወጡ?»

በጣታቸው ቆጠሩ። «አምስት። ማሳውን አረም ውጦት የለም?»

«ስንት ሌሊትስ ደህና ተኙ?»

«አራት። ሦስቱን እንዲሁ ስገላበጥ አነጋሁ» አሉ ሳያፍሩ።

ዘርፉ ጻፈች። ሽማግሌው መድኃኒታቸውን ኪሳቸው ከተው በሩ ጋ ከደረሱ በኋላ ዞር አሉ።

«ልጄ፣ እስቲ ያችን የመጀመሪያዋን መልሰሽ ጠይቂኝ።»

«አካም ጅርቱ ኦቦ ጀቤሳ?»

«ፈያ» አሉ፣ ዓይን ዓይኗን እያዩ። «ይቺን ጻፊያት።»