እጅ ወደ ኋላ

ሠላማዊት ገና ስትደናቀፍ ሁለት ልጆች ክንዷን፣ አንዱ የሸሚዟን ጫፍ፣ የቸኮለው ደግሞ ሹሩባዋን ያዙ። ክፍሉ በአንድ አፍ «እኔን» አለ። ልጅቷ መሬት ሳትነካ ተመልሳ ቆመች። የስፖርት አስተማሪዋ መስከረም ፊሽካዋን ከአፏ አውጥታ በረጅሙ ተነፈሰች።

ኳስ መወርወሯንና መቅለቧን ባለፈው ሳምንት አይታላታለች፤ ጎበዝ ናት። የቀረው ሚዛኗን መጠበቋ ነው። በአመድ የተሰመረውን መስመር ተከትላ ትሄዳለች፣ ድንጋዩን ዞራ ትመለሳለች፤ ፈተናው ይኸው ነው። ችግሩ ድንጋዩ ጋ በደረሰች ቁጥር ክፍሉ ቀድሟት መድረሱ ነበር። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ይባላል፤ በሠላማዊት ላይ የሚበዛው ግን እጅ ነው፣ ያውም ሳትወድቅ።

በሕፃንነቷ በያዛት ሕመም ቀኝ እግሯ ሰልሏል። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ በስፖርት ክፍለ ጊዜ ከግቢው የኒም ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጣ የጓደኞቿን ጫማ ስትጠብቅ ኖራለች። ማንም በክፋት አላደረገውም፤ የሸሕዲ ቆላ ፀሐይ እንኳን ለእሷ ለጤነኛውም አይራራም። ዘንድሮ ከጎንደር የመጣችው መስከረም ግን ያልገባት ነገር እንቅልፍ የሚነሣት ሰው ናት። ባለፈው ሳምንት ልጅቷን፣ ስትወድቂ በየት በኩል ነው የምትወድቂው፣ ብላ ጠየቀቻት።

«የት እወድቃለሁ፣ ቲቸር? መች ለቀውኝ» ብላ ሳቀች ሠላማዊት።

ከዚያ ወዲህ መስከረም ይህንኑ ስታወጣና ስታወርድ ሰነበተች። ዕድሜዋን ሙሉ ሳትወድቅ የኖረች ልጅ ስትወድቅ ምን ታስቀድማለች? እጇን ወይስ ጉልበቷን? እንዴትስ ትነሣለች? ይህን ሳያውቁ ምን ማስተማር ይቻላል?

እናቷ ባየሽ ዛሬ ሰሊጥ ከምታበጥርበት መጋዘን አስፈቅዳ መጥታ አጥሩ ሥር ቆማለች። ጠዋት ለአስተማሪዋ ቁርጡን ነግራታለች፤ ልጇ ከወደቀች ነገሩ አበቃ፣ ወደ ጥላዋ ትመለሳለች። መስከረም ማየት የምትፈልገው መውደቋን ሳይሆን መነሣቷን እንደሆነ ልታስረዳት ብትሞክርም ባየሽ የምትሰማ አልሆነችም።

«እትዬ ባየሽ፣ ከዚያ እንዳይነቃነቁ» አለቻት አሁን። ከዚያም ወደ ተማሪዎቹ ዞረች። «ሁላችሁም፣ እጅ ወደ ኋላ። መንካት የለም። እኔን ማለትም የለም።»

ልጆቹ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣመሩ። ከሠላማዊት ጋር አንድ ዴስክ ላይ የሚቀመጠው አለበል እጁን ስላላመነው ቀበቶው ውስጥ ሻጠው። ከመንገዱ ማዶ ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ የወረዱ ሳሉጎችን፣ የወቅት ሠራተኞችን፣ የጫነ ትራክተር እየተንገጫገጨ አለፈ፤ ማንም ዞሮ አላየውም።

ሠላማዊት መሄድ ጀመረች። ግራ እግሯን ትተክልና ቀኙን ከወገቧ አንሥታ ወደ ፊት ትወረውረዋለች። መስከረም በመገረም ተከተለቻት፤ ወገቧ ይህን ያህል እንደሚሠራ ልብ ብላ አታውቅም ነበር። ድንጋዩን ስትዞር የጥቁሩ ዋልካ አፈር ስንጥቅ ጫማዋን ያዘው። ማንም አልያዛትም። ግራ ክንዷን አስቀድማ በጎኗ ወደቀች።

 መስከረም ፈራች፤ ልጅቷ ባትነሣስ?

ባየሽ ግን አልቻለችም። ነጠላዋን ጥላ እየሮጠች መጣች፤ ሜዳውን ሳታጋምስ ያው ዋልካ ሸበጧን ያዘባትና በግንባሯ ተደፋች።

ሠላማዊት በዚያን ጊዜ በግራ ጉልበቷ ተንበርክካለች። መስከረም ዓይኗ ወደ እናትየው ሄዶ ስለነበር እንዴት እንደተንበረከከች አላየችም፤ ቆጫት። ልጅቷ ቀና ስትል እናቷን መሬት ላይ አየቻት።

«እኔን» አለች።

ሰው ሁሉ ሲላት የኖረውን ቃል እሷ ለሌላ ሰው ስትል ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። ሁለት እጆቿን መሬት ላይ ተክላ፣ ወገቧን ወደ ላይ አንሥታ፣ ግራ እግሯን ወደ ራሷ ስባ ቆመች። ከዚያ መስመሩን ትታ በተሰነጣጠቀው አፈር ላይ ወደ እናቷ መሄድ ጀመረች። አለበል ሊነቃነቅ ሲል መስከረም በዓይኗ ገሠጸችው፤ የራሷም እጆች ከኋላዋ ተጣምረው እንደነበር ያን ጊዜ ነው ያወቀችው።

«ቆዪ እማዬ፣ መጣሁ» አለች ሠላማዊት።

ባየሽ የተላጠ ጉልበቷን አላየችም። በአንድ ክንዷ ተደግፋ፣ ማንም ሳይይዛት የምትመጣውን ልጇን ታያለች። መነሣት ትችል ነበር፤ ግን አልቸኮለችም።