ስክሪኑ እንቢ ያለ ዕለት

ፈህሚያ በቪዲዮ ቤቷ የአዲሱን ኮምፒውተር ማብሪያ ስትጫን ፋኑ ተሽከረከረ፤ የፊት መብራቱም ቦግ አለ። ስክሪኑ ግን እንደጠቆረ ቀረ። ትንሽ ቆይቶ «ሲግናል የለም» የሚል ጽሑፍ ወዲያና ወዲህ ተንሳፈፈና ጠፋ።

ከኋላዋ አግዳሚው ላይ የተቀመጡት እንግዳ አንገታቸውን አሰገጉ። «ምነው? አልመጣም?»

«ይመጣል እትዬ። ኢንሻአላህ ይመጣል» አለች፤ ፊቷን እንዳያዩባት ሳትዞር።

እንግዳዋ እትዬ ጥሩ ይባላሉ። ተወልደው ያደጉት ወለቃ፣ ከሸክላ ሠሪዎቹ ቤተ እስራኤላውያን ሰፈር ነው። በ1983 ዓ.ም. ከባላቸው ጋር ወደ እስራኤል ሲሄዱ እናታቸው ወደ ኋላ ቀሩ። ከዓመታት በኋላም የመሄጃ ተራቸውን ሲጠባበቁ እዚሁ ጎንደር አረፉ። እትዬ ጥሩ አንድ የእናታቸው ፎቶ እንኳ የላቸውም።

አሮጊቷን በሕይወት ሳሉ በቪዲዮ የቀረጻቸው ሰው የፈህሚያ አባት ዐብደላ ነበር፤ በአዲስ ዓለም ሰፈር ሠርግ ሲቀርጽ የኖረ ሰው። «ለልጅዎ በመንገደኛ እልከዋለሁ» ብሎ ቃል ቢገባም ሁነኛ መንገደኛ ሳያገኝ ካሴቱ መሳቢያ ውስጥ ከረመ። ሊሞት ሲል ፈህሚያን አስጠርቶ «የእኒያ ሴትዮ አማና፣ አደራቸው፣ አንገቴ ላይ አለ፤ አንቺ አድርሽልኝ» አላት። እሷም ስታጠያይቅ ኖራ፣ ዘንድሮ እትዬ ጥሩ የእናታቸውን መቃብር ሊያዩ መምጣታቸውን ሰማችና ፈልጋ አገኘቻቸው።

ካሴቱ ሻግቶ ነበር። እንደ ምንም አጽድታ ወደ ኮምፒውተር ገለበጠችው፤ ልክ ሲያልቅ ጥብጣቡ ተበጣጠሰ። በማግስቱ መብራት ሄዶ ድንገት ሲመለስ ደግሞ አሮጌው ኮምፒውተር የተቃጠለ ነገር ሸቶ በዚያው ቀረ። የተረፈው ሃርድ ዲስኩ ብቻ ነው፤ እሱም ደኅና ይሁን አይሁን ያለ ስክሪን በምን ይታወቃል? ጎረቤቷ ያለው የፎቶ ኮፒ ቤት ኮምፒውተር ከማርጀቱ የተነሳ የዲስኩ መሰኪያ አይገጥመውም።

ወንድሟ ናስር ትናንት አዲሱን ኮምፒውተር ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ይዞላት መጣ። ምስሉን ወደ ስክሪኑ የሚያወጣው ግራፊክስ ካርድ መንገድ ላይ እንዳይሰበር ተነቅሎ፣ በፎጣ ተጠቅልሎ ለብቻው ነበር። ዛሬ ጠዋት የአሮጌውን ኮምፒውተር ዲስክ ከገጠመች በኋላ ካርዱንም ራሷ ሰካችው፤ ብሎኑንም በካቻቪቴ ጥብቅ አደረገች። እትዬ ጥሩን ወደ አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ የሚያደርሳቸው ማኪና ከምሳ በኋላ ይመጣል።

ገመዱን ነቅላ ሰካች። ያው ነው። ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ሌላ ስክሪን ተውሳ ሞከረች። እሱም ጨለማ። ሚሞሪውን አውጥታ ጥርሱን በላጲስ አሸችና መለሰችው። ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ዝም። ባበራችው ቁጥር ዲስኩ ተርፎ ከሆነ እኔው ደጋግሜ ልገድለው ነው ትላለች በልቧ።

ሠርግ ሊቀርጽ ሳንጃ ለወረደው ለናስር ደወለች።

«ስክሪኑ እንቢ አለ!»

«እንዴት? አዲስ አበባ ሲገጣጥሙት ቁሜ አይቸዋለሁ፤ እንደ መስታወት ጥርት ያለ ነበር!»

«ታዲያ ምን ሆነ?»

«ካርዱን እንደገና... በደንብ ገፋ...» አለና መስመሩ ተቋረጠ። ደግማ ብትደውል አይነሳም።

እትዬ ጥሩ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ብድግ አሉ። «የኔ ልጅ፣ ካልሆነ ይቅር። አንቺ እንዲህ ከምትሆኝ ይቅርብኝ። የለመድሁት ነው፣ ያለ መልኳ መኖሩን።»

ይህን ከመስማት ቢሰድቧት በወደደች። «አንድ ጊዜ ብቻ ይታገሱኝ» አለች። ላብ ያራሰውን እጇን በቀሚሷ አበሰች፤ ብሎኑን ፈታች፤ ካርዱን አወጣች። ምንም የተሰበረ ነገር አይታይም። ቢስሚላህ ብላ በሁለት አውራ ጣቶቿ ቁልቁል ስትገፋው «ቀጭ» አለ። ጠዋት እንዲህ ያለ ድምፅ አልሰማችም ነበር። ብሎኑን ሳትመልስ አበራችው።

ስክሪኑ ብልጭ አለና በነጭ ፊደል ተሞላ።

«በራ!» አሉ እትዬ ጥሩ።

ፈህሚያ ከደስታዋ ብዛት አጥፍታ ብሎኑን መልሳ አጠበቀችው። እንደገና ስታበራው ስክሪኑ እንደ በፊቱ ጨለመ። ለመሆኑ ምን አደረግሁት? ጎንበስ ብላ የሳጥኑን ጀርባ አየችው፤ ቆርቆሮው ወደ ውጭ ጎብጧል። አውቶቡሱ ላይ ጓዝ ተጭኖት ኖሯል። ብሎኑ በጠበቀ ቁጥር የጎበጠው ቆርቆሮ ካርዱን እየጎተተ ከመሰኪያው ብድግ ያደርገዋል። ነገሩ ይኸው ነበር። ብሎኑን ፈትታ መሳቢያ ውስጥ ጣለችውና ካርዱን ዳግመኛ ገፋችው።

በራ። አሁን ሳጥኑ እንዳይነካ ፈርታ በእግር ጣቷ እየረገጠች ወደ ወንበሯ ተመለሰች። ዲስኩ ታየ። ፋይሉም አለ። ስትከፍተው ምስሉ አፍታ ተንቀጠቀጠና ጠራ።

አንዲት ቀጭን አሮጊት ደጃቸው ላይ ቁጭ ብለው እንስራ ያበጃሉ። ካሜራውን ሲያዩ ፊታቸውን በክንዳቸው ጋረዱ።

«ተው ልጀ፣ እጀ ጭቃ ነው! ምነው ታጥቤ ብቀርብ?»

«እንዲሁ ሸጋ ነዎት እማማ» ይላል ከካሜራው ኋላ የዐብደላ ድምፅ። ፈህሚያ የአባቷን ድምፅ ከሞተ ወዲህ አልሰማችውም ነበር፤ ጥርሷን ነከሰች።

አሮጊቷ ክንዳቸውን አወረዱ። «ታየኛለች አልኸኝ? ጥሩዬ፣ ከስታለች ብለሽ እንዳታዝኝ። እበላለሁ። ጎረቤቱም ደግ ነው።» ከዚያ የሚሉት ቢጠፋቸው ወደ እንስራቸው ተመለሱ።

እትዬ ጥሩ ወደ ስክሪኑ ተጠግተው «ዋሽተሽኛል» አሉ በቀስታ። «ከስተሻል እንጂ፣ እናቴ።»

ውጭ የማኪና ጥሩምባ ተሰማ። ፈህሚያ ፋይሉን ወደ ሁለት ፍላሽ መገልበጥ ጀመረች። «መብራቱን አደራህን፣ ያ ረቢ» እያለች ዐይኗን ሳትነቅል ጠበቀች። ሹፌሩ ሁለተኛ ጥሩምባውን ነፋ፤ እትዬ ጥሩ ንቅንቅ አላሉም። ሲያልቅ አንዱን ፍላሽ በቦርሳቸው፣ አንዱን በደረታቸው ሸጉጠው የፈህሚያን ትከሻ ደጋግመው ሳሙ።

«አያ ዐብደላ የት ነው ያረፈው?»

ነገረቻቸው።

«መንገዳችን ነው» አሉ። «ሹፌሩ ቢቆጣም አስቁሜው አልፋለሁ።»

ማኪናው ቁልቁለቱን ሲወርድ ፈህሚያ ከበሩ ላይ ቆማ አየችው። ከዚያ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ የአባቷን ድምፅ ያለበትን ቦታ ፈልጋ ከፈተችው፤ አሁን የሚያያት ሰው ስለሌለ እንደ ልቧ አለቀሰች።