ለማያውቅ ሰው የተጻፈ ገጽ

የኔታ ወልደ ሩፋኤል ጣታቸውን ወደ ኮምፒውተሩ መስታወት አስጠግተው፣ ብራና እንደሚያነቡ መስመር በመስመር ሲወርዱ፣ ሥራነሽ ከጎናቸው ቆማ ፊታቸውን ታጠና ነበር። በአምበር አቅራቢያ ቅኔ የሚያስተምሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ድረ ገጽ የሚባል ነገር አይተው አያውቁም። የፈለገቻቸውም ለዚሁ ነው። የደብረ ማርቆሱ ምክር ቤት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣ አለቃዋ አስማማው፣ የምክር ቤቱን ድረ ገጽ «ለማያውቅ ሰው እንዲገባ አድርጊው» ብሎ ከሰጣት ሦስት ሳምንት ሆኗል።

መጀመሪያ የድሮውን ጽሑፍ አሳየቻቸው። «በአባሪ ሁለት የተመለከቱት ይዞታዎች በረቂቁ አንቀጽ ሰባት መሠረት ወደ ከተማ ወሰን ይጠቃለላሉ» ይላል። የኔታ ሁለት ጊዜ አነበቡትና ፈገግ አሉ።

«ቅኔ እንኳ የሚፈታው ሰው አያጣም።»

ከዚያ ገና ያልለቀቀችውን የእሷን ከፈተችላቸው። ረቂቁ ከጸደቀ የየትኞቹ ቀበሌዎች የእርሻ መሬት ወደ ከተማ እንደሚካለል በስም ዘርዝራለች፤ ሰው አስተያየቱን በየት እንደሚልክ፣ ጊዜው ዓርብ እንደሚያበቃም ጽፋለች። የኔታ ጣታቸው አንድ ስም ላይ ቆመ።

«የእኛ ነው» አሉ። ጣታቸውን ወደ ታች አውርደው፣ «ዓርብ ያልሽው የትኛውን ዓርብ ነው?»

«ዛሬን ነው፣ የኔታ።»

ወደ መስኮቱ ዞሩ። ሐምሌ ነው፤ ጉሙ ባሕር ዛፎቹን እስከ ወገባቸው ውጧቸዋል። በዚህ ወር ገበሬው ሁሉ ከበሬ ኋላ ነው። ብዕር ጠየቁ፤ ገጹን ቃል በቃል ገልብጠው ወረቀቱን ከጋቢያቸው ሥር ከተቱና ሳይሰናበቷት ወደ መናኸሪያው ወረዱ።

ሥራነሽ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ሦስት ሳምንት ሙሉ የተጨነቀችው ስለ ቃላት ነበር፤ «ይዞታ»ን በ«መሬት» ስትተካ የሰው ማሳ እየጠራች እንደሆነ አንድም ቀን አልታያትም።

አስማማው ስምንት ሰዓት ላይ መጣ። ቆሞ አነበበ።

«የድሮው ይቆይ። ይኼ ሰኞ ይወጣል።»

«ስህተት አለበት እንዴ?»

«የለበትም።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ግልጽ አድርጊው ስልሽ፣ ምክር ቤት ምን እንደሆነ፣ ስንት አባል እንዳለው ማለቴ ነበር። ልጆች አሉኝ፣ ሥራነሽ።»

በሩን ከፍቶ ግራ ቀኝ አየና ወጣ። ቢቆጣት ይሻላት ነበር። እሱ እንዲህ የሚፈራው ሰው ማን እንደሆነ አታውቅም።

እስከ አሥር ሰዓት ምንም ሳትሠራ ቆየች። የኔታ የገለበጡት ወረቀት ይኼኔ አምበር ደርሶ እየተነበበ ነው። ገጹ ካልወጣ ሽማግሌው ውሸት ነዙ ይባላሉ፤ የሚጠየቁትም ብቻቸውን ናቸው። አዲሱን ገጽ ለቀቀችው።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ስልኳ ጠራ።

«ሥራነሽ አንቺ ነሽ?» የማታውቀው የወንድ ድምፅ ነው፤ ሰላምታ የለውም። «ካለሽበት እንዳትነቃነቂ።»

መልስ ሳይጠብቅ ዘጋው። ቦርሳዋን አንስታ ተነሳች። በዚያው ቅጽበት ገጹ ላይ አንድ መልእክት ብቅ አለ፦ «ከአምበር ነን። የቀበሌያችንን ስም አይተናል። እስከ ስንት ሰዓት ትቀበሉናላችሁ?»

ከታች የመኪና በሮች ተከታትለው ሲዘጉ ተሰማ። ሥራነሽ ቦርሳዋን ወለሉ ላይ አስቀምጣ ተቀመጠች። «እስከ አሥራ አንድ ተኩል» ብላ ጻፈች። ሁለተኛ መልእክት መጣ፣ ሦስተኛም ተከተለ። ከመኪናው የወረዱት ሰዎች ኮቴ ደረጃውን ሲጨርስ አራተኛውን ማንበብ ጀምራ ነበር።