አውፍ ያላልኩበት ሆስፒታል

ከኮምቦልቻ ወደ ደጋን ስትወጡ መንገዱ ዳር የነበረውን ባዶ ሆስፒታል ለአሥራ ሦስት ዓመት የጠበቅሁት እኔ ነኝ። ፈረንጆቹ በአብዮቱ ጊዜ ጥለውት ሲሄዱ አልጋው ተወሰደ፣ መስኮቱ ረገፈ፣ እኔና ባለቤቴ ረሂማ በሩ አጠገብ ባለችው ክፍል ቀረን። ሌላ ቤት የለንም።

ዘበኛ ሆኜ አልተወለድኩም። እዚያው ቁስል አጣቢ ነበርኩ፤ መርፌም እወጋ ነበር። አንድ ክረምት ከመጋዘኑ ብርድ ልብስ በጥቅል በጥቅሉ ጠፋ። መጋዘኑን የያዘው ጀማሉዲን "ሀምዱ ነው፣ በዓይኔ አይቻለሁ" አለ። ነጭ ጋውኔን በሰው ፊት አስወልቀው፣ ዱላ አስይዘው በር ላይ አቆሙኝ። ጀማሉዲን ግን ዓመት ሳይሞላው ደሴ ላይ ሱቅ ከፈተ። በምን ከፈተ? ከአራተኛ ክፍል ባላልፍም ይሄን ማወቅ አያቅተኝም።

በሰማንያ ሁለት መንግሥት ቅይጥ ኢኮኖሚ አለ። ትናንት ነጋዴን "በዝባዥ" ሲሉ የነበሩ ሰዎች ወንበር ይስቡለት ጀመር። ማዘጋጃ ቤት ሕንፃውን ሊሰጥ፣ ነጋዴ ገንዘቡን ሊያወጣ፣ ሆስፒታሉ ሆቴል ሊሆን ተዋዋሉ። ነጋዴው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ጀማሉዲን።

ከመኪና ወርዶ ሆዱን እያስቀደመ መጣ።

"ሀምዱዬ! አለህ እንዴ አንተ?"

"የት ልሄድ? በሩን የሰጠኸኝ አንተ አይደለህ?"

ሳቀ። "ክፍልህን አልነካትም። ሆቴሉ ሲያልቅም ዘበኛው አንተ ነህ፤ ዩኒፎርም አሰፋልሃለሁ። ብቻ ጁምዓ ዱዓው ላይ አውፍ በለኝ።"

በኛ አገር መሬት ከመቆፈሩ በፊት ዱዓ ይደረጋል። ሸህ ዘይኑልአቢዲን ደግሞ፣ በሥራው ባለቤት ላይ ቂም የያዘ ሰው ካለ፣ እሱ በጉባኤ ፊት ይቅር ሳይል፣ አውፍ ሳይል፣ እጃቸውን ለዱዓ አያነሱም። እሳቸው እጅ ካላነሱ የኮምቦልቻ ሠራተኛ ዶማ አያነሳም። የኔን ቂም የማያውቅ የለም፤ ለመጣ ለሄደው ስናገር ነው የኖርኩት።

"አንድ ቃል ናት፤ በላትና ጣራችንን አትርፍ" አለችኝ ረሂማ።

"ምላሱ የኔ ነው" አልኳት።

ጁምዓ ደረሰ። በጉ ታስሯል፣ ሰው ግቢውን ሞልቷል፣ ከማዘጋጃ ቤት የመጣው ጓድ ወርቅአፈራሁ ሰዓቱን ያያል።

"ሀምዱ፣ ልጄ፣ ለጀማሉዲን አውፍ ትላለህ?" አሉ ሸሁ።

"እላለሁ፣ አባዬ። ምን እንዳደረገኝ በአፉ ይናገርና እላለሁ።"

"እውነቱን ነው። ጀማሉዲን፣ ምን ነበር በደልህ?"

ጀማሉዲን ግንባሩን ጠረገ። "ሰው ነን፤ ያወቅሁትንም ያላወቅሁትንም አውፍ በለኝ።"

"ያላወቅኸውን ትቼልሃለሁ። ያወቅኸውን ተናገር።"

ሰው ሳቀ። ጀማሉዲን ተጠግቶ በጆሮዬ "ብርድ ልብሱን የሸጥኩት እኔ ነኝ፤ በቃህ?" አለኝ። አፉ ቅርንፉድ ይሸታል።

"ጋውኔን በሹክሹክታ አላስወለቅኸኝም!" አልኩት ጮክ ብዬ።

ጓድ ወርቅአፈራሁ ተነሳ። "በአንድ ዘበኛ የልማት ሥራ ሊቆም ነው?"

"ተቀመጥ ጓድ፤ ይሄ የናንተ ስብሰባ አይደለም" አሉት ሸሁ።

ጀማሉዲን ዙሪያውን አየ። የንግድ ባልደረቦቹ አሉ፣ አማቱ አሉ። አፉን ከፈተ። ወላሂ፣ ያን ጊዜ ቢናገር ኖሮ አውፍ ብዬ አቅፈው ነበር። መልሶ ዘጋው።

"ሌባ ሌባ ነው፤ ከሱ ጋር ምን አጨቃጨቀኝ!" አለ በጣቱ እያሳየኝ።

"እንግዲያው አውፍ አላልኩም።"

ሸሁ ጫማቸውን ፈለጉ። ሠራተኛው ዶማውን ግድግዳ አስደግፎ ወጣ። በጉ እንደታሰረ ቀረ።

በአራተኛው ቀን ጀማሉዲን ከሌላ አገር ሠራተኛ በጭነት መኪና አመጣ። ማፍረሱን የጀመሩት ከኔ ክፍል ነው። ረሂማ ድስቷን አቅፋ ቆርቆሮው ሲነቀል አየች፤ እኔን ግን አላየችኝም።

አሁን ገራዶ፣ ወንድሟ ጓሮ ተጠግተናል። ዝናብ በመጣ ቁጥር "ለብርድ ልብስ ብለህ ቤቴን አስፈረስክ" ትለኛለች። ሆቴሉ አልቋል፤ በሩ ላይም ዩኒፎርም የለበሰ ዘበኛ አለ አሉ። ዱዓ ያልተደረገበት ነው ብሎ ግን ሠርጉን እዚያ የሚደግስ ሰው ጠፍቷል። ስለዚህ ጀማሉዲን አሁንም አውፍ በለኝ እያለ ሰው ይልክብኛል። የተላከውን ሁሉ አስቀምጬ፣ ውሃ ሰጥቼ፣ "ምን አደረግሁት አለህ?" እለዋለሁ።

እስከዛሬ የነገረኝ የለም።